አገጭ ቀና

ፍሬሰንበት ሲናደድ ሌንስ ይወለውላል። ሚስቱ ኮከብ ይህን አመሉን ስለምታውቅ፣ ቢጫዋን ጨርቅ በእጁ ካየች ወሬ አትጀምርም፤ ምሳውን አስቀምጣለት ዘወር ትላለች። ባለፈው ጥቅምት ግን ጨርቋ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእጁ አልወረደችም። የሚወለወል ሌንስ ሲያልቅበት የስቱዲዮውን መስታወት ያዘ፣ መስታወቱ ሲያልቅ የራሱን መነጽር። ያ ሁሉ ሲጠራ የሱ ሆድ ብቻ አልጠራም።

ነገሩን ከሥሩ ለመናገር ከኮቱ መጀመር ይሻላል። ፍሬሰንበት የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ሲወርድ አንድ ካሜራና አንድ ጥቁር ኮት ይዞ ነበር። ኮቱን ለብሶት ነው የተነሳው። መኪናው ቁልቁለቱን ሳይጨርስ ሙቀቱ አስወለቀው፣ ከዚያን ቀን ወዲህም መልሶ ለብሶት አያውቅም። የሚለብሱት ደንበኞቹ ናቸው። ሥራ የሚያመለክት፣ ትምህርት ቤት የሚመዘገብ፣ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሁሉ ወደ ስቱዲዮው ይመጣል፤ ኮቱን ደርቦ፣ ክራቫቱን አንጠልጥሎ በነጩ አንሶላ ፊት በርጩማው ላይ ይቀመጣል። ጉርድ ፎቶ ከደረት በላይ ስለሆነ ከታች ቁምጣ ይሁን ሽርጥ ጠያቂ የለም። ረጃጅሞቹ የኑዌርና የአኙዋ ጎልማሶች ሲለብሱት እጅጌው ክርናቸው ላይ ይቀራል። እሱም ግድ የለም፣ ክርን ፎቶው ውስጥ አይገባም።

ሰውየው ተደላድሎ ሲቀመጥ ፍሬሰንበት ሁልጊዜ የሚላት ነገር አለች። «አገጭ ቀና! ዓይን ወደ እኔ!» ይላል፣ እንደ አዛዥ። አማርኛ ከ«ሰላም ነው» የማያልፉ ሰዎች እንኳ ይህቺን ያውቋታል። ገበያ ውስጥ ሲያልፍ ልጆች አገጫቸውን ወደ ሰማይ እየሰቀሉ ያሾፉበታል፤ አዋቂዎቹም ስሙን ትተው «ጋሽ ፎቶ» ነው የሚሉት።

በሙያው ይኮራል፣ የሚኮራበትም አለው። ሌላ ቦታ የተነሱ ጉርድ ፎቶዎች ሲያይ ይበግናል። ካሜራው ነጩን አንሶላ አይቶ ብርሃኑን ይቀንስና ጥቁሩን ፊት ጥላ ያደርገዋል፤ ሰውየው አፍንጫና ጆሮ ያለው ጨለማ ሆኖ ይወጣል። ፍሬሰንበት ብርሃኑን በካሜራው ፈቃድ ትቶ አያውቅም። በእጁ ይለካል፣ በእጁ ይከፍታል። በሱ ፎቶ ላይ ዓይን ዓይን ነው፣ ግንባር ላይ በብጣት የወጡት የኑዌር መስመሮች ስድስቱም አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። «ይሄንን ያስተማረኝ ማንም የለም» ይላል ሲፎክር፣ «ፊታቸው ነው ያስተማረኝ።»

አንድ ነገር ግን ያንገበግበዋል። በእያንዳንዱ ጉርድ ፎቶ ጀርባ ላይ «ፎቶ ፍሬሰንበት፣ ጋምቤላ» የሚል ሐምራዊ ማኅተም ይመታል። ጉርድ ፎቶ ደግሞ የሚለጠፈው በጀርባው ነው። ስለዚህ ስሙ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ኮላ ሲቀባ፣ ፎርም ላይ ሲጣበቅ፣ ፋይል ውስጥ ሲቀበር ኖረ። ሰው በሚያየው በኩል፣ ከአንድ ፎቶ ሥር፣ አንድም ቀን ስሙ ተጽፎ አያውቅም። ሰርግ አንስቷል፣ የኢታንግን ገበያ አንስቷል፣ ማታር ድረስ በጀልባ ሄዶ ጎርፍ አንስቷል። ፎቶዎቹ ሪፖርት ላይ ይወጣሉ፤ ከሥራቸው የመሥሪያ ቤቱ ስም ይጻፋል፣ የሱ ስም የለም። አሁን ደግሞ ሁሉም በየኪሱ ስልክ ይዞ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ መታወቂያውንም ኮምፒዩተር ፊት አስቁመው እዚያው ያነሱታል። ሃምሳ አራት ዓመት ሞላው። አንድ ፎቶ፣ ከሥሩ ስሙ ያለበት አንድ ፎቶ ሳይሰቀልለት ይህ ሥራ ከእጁ ሊወጣ መሆኑን ያውቃል፤ ይህም ያበሳጨዋል።

አሸብር የደወለለት በዚህ መሀል ነው። አሸብር ኩሌ የስደተኞች ጣቢያ ውኃ የሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ አስተዳደር ላይ የሚሠራ፣ ነገር ማሳጠር የሚወድ ሰው ነው።

«ጋሽ ፍሬ፣ ሞንሰ የዶክመንት ፎቶ ትፈልጋለች። ስልሳ ሰው ነው። ቅዳሜ ጠዋት የከተማው ኳስ ሜዳ ይምጡልን።»

ሞንሰን ከተማው ሁሉ ያውቃታል። የድርጅቱ የውኃ መሐንዲስ ናት፣ እስፓኛዊት፣ በሞተር ብስክሌት አቧራ እያስነሳች የምትሄድ። ስልሳ የዶክመንት ፎቶ! ፍሬሰንበት ቅዳሜ ማለዳ በርጩማውን፣ ኮቱን፣ አንሶላውን በባጃጅ ጭኖ ሄደ። አንሶላውን የኳስ ግብ አግዳሚ ላይ ሰቀለና ሰልፉን አስያዘ። መጀመሪያ የተቀመጠው ኩን ነበር። ኩን የፓምፕ ጣቢያ ጠባቂ ነው፣ ኑዌር፣ ትከሻው በር የሚዘጋ። ከሱ ቀጥሎ የስምንት ዓመት ልጁ ኛላም «እኔም» ብላ ኮቱን ጎተተች፤ ኮቱ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ፍሬሰንበት ለሷም «አገጭ ቀና!» አላት፣ እሷም ሳቋን ውጣ ቀና አለች።

ሠላሳ አንደኛውን ሰው ሲያነሳ ሞንሰ ከሞተሯ ወርዳ መጣች። አንሶላውን አየች፣ ኮቱን አየች፣ አሸብርን አየች። ረጅም እንግሊዝኛ ተናገረች። አሸብር አንገቱን አከከ።

«ጋሽ ፍሬ፣ ዶክመንት አይደለም ለካ። ዶክመንታሪ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

አሸብር ሰማይ ሰማይ አየ። «ዶክመንታሪ ማለት… ሰውን ሳያስቀምጡ፣ ሳያስተካክሉ፣ ሳይናገሩ የሚነሳ ነው። እርስዎ እንደሌሉ ሆነው።»

«እኔ ከሌለሁ ማን ሊያነሳ ነው?» አለ ፍሬሰንበት። ደሙ ፈላ። ሠላሳ አንድ ሰው በፀሐይ አሰልፎ ኮት ያስለበሰው ለምን ነበር ታዲያ?

ሞንሰ ግን ሣሩ ላይ አጠገቡ ቁጭ አለችና ስልኳን ከፈተች። የትውልድ መንደሯ በዓል ነበር። አርባ ሃምሳ ሰው ተጠጋግቶ፣ እጅ በእጅ ላይ ደርቦ ክብ ይሠራል፤ በነሱ ትከሻ ላይ አራት ሰው ይቆማል፣ በአራቱ ላይ ሁለት፣ በሁለቱ ላይ የራስ መከላከያ ያደረገች ሕፃን ትወጣለች። ጫፍ ላይ ስትደርስ አንድ እጇን አውጥታ አራት ጣቷን ወደ ሰማይ ትዘረጋለች፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል፤ ከዚያ ትወርዳለች። በቃ፣ በዓሉ ያ ነው። ካስቴል ይሉታል አለ አሸብር፣ ግንብ ማለት ነው። የሞንሰ አባት ሠላሳ ዓመት ከታች ሆኖ የተሸከመ ሰው ነው፤ ዘንድሮ ታሟል፣ እሷም ሥራው አልለቅ ብሏት መሄድ አልቻለችም። የመንደሯ ሰዎች፣ እዚያው ሥሪና ፎቶውን ላኪልን፣ ከኛ ጋር አዳራሹ ውስጥ እንሰቅለዋለን አሏት። የምትፈልገው ከሁሉም በላይ ያንን እጅ ነው።

«የአንሺውም ስም ከሥሩ ይጻፋል ትላለች» ሲል አሸብር አከለ፣ ወደ ሌላ ወሬ ሊያልፍ።

«ቆይ! ከሥሩ? ከፊት ለፊት በኩል? ጠይቃት እስቲ።»

አሸብር ጠየቀ። ሞንሰ ሳቀችና ከማስታወሻ ደብተሯ አንድ ቅጠል ቀድዳ ስሙን በነሱ ፊደል ጻፈችለት። ፍሬሰንበት ወረቀቱን አጥፎ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተ። ኮከብ ያን ዕለት ስለምሳ ብትጠይቀው ስለ እስፓኝ መለሰላት።

ልምምዱ በማግስቱ ጀመረ። ማን ማንን ይረግጣል በሚለው ላይ ግማሽ ቀን ክርክር ሆነ፤ ጋምቤላ ውስጥ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ደገኛው የመጋዘን ሠራተኛ ወገቤን ያመኛል አለ፤ ሌላው፣ ከኔ ላይ የሚቆመው የማን ልጅ እንደሆነ አስቀድሜ ካላወቅሁ አለ። ክርክሩን የቆረጠው ኩን ነው።

«እኔ ታች ይሆናል» አለ፣ መሀል ሜዳ ላይ እግሩን ተክሎ። «ላይ የሚወጣው የኔ ልጅ ነው። ሌላ ሰው ታች ሆኖ እኔ ቆሜ አላይም።»

ከዚያ በኋላ አፍ የከፈተ የለም። ሁሉም ወገቡን በሰፊ ጥቁር ጨርቅ አጥብቆ አሰረ፤ የሚወጣው ሰው እግሩን የሚያሳርፈው እሱ ላይ ነው። ሞንሰ እየዞረች አንገታቸውን በእጇ ወደ ታች ትጫናለች። ከታች ያለ ሰው አገጩን ደረቱ ላይ ማጣበቅ አለበት፤ አንገቱ ቀና ካለ ክብደቱ ሲመጣበት ይጎዳል፣ ግንቡም ይናጋል። «ዝቅ! ዝቅ!» ትላለች በተማረቻት አማርኛ።

ፍሬሰንበት ይህን ሲያይ ሆዱ ባሰው። ስልሳ ሰው ተሰብስቦ የሚታየው ማጅራት ብቻ ነው! ፊት የሌለው ፎቶ ምን ፎቶ ነው? በሃያ ሰባት ዓመት ማጅራት አንስቶ አያውቅም። ቢሆንም እንደሌለ ለመሆን ሞከረ፤ ቁጢጥ አለ፣ ተንበረከከ፣ ትንፋሹን ያዘ። አራቱ ወጡ። ሁለቱ ወጡ። ኛላም የአባቷን ጀርባ ረግጣ መውጣት ጀመረች። ግንቡ ቀጥ አለ፣ ብርሃኑ ደግሞ ከምዕራብ በኩል ለስለስ ብሎ መጣ፤ ያን የመሰለ ብርሃን ባሮ ዳር በዓመት ስንት ቀን ይገኛል? በሌንሱ አየ። ማጅራት፣ ማጅራት፣ ማጅራት። ይህ ሁሉ ብርሃን በከንቱ ሲፈስ አላስቻለውም። አፉ ከሱ ቀድሞ ተናገረ።

«አገጭ ቀና! ዓይን ወደ እኔ!»

ሌላ አገር ቢሆን ማንም አይሰማውም ነበር። እዚህ ግን ከታች ያለው አርባ ሰው፣ አርባውም በዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያውቃል፤ ሁሉም በአንዴ አገጩን ቀና አደረገ። ፍሬሰንበት ለአንድ አፍታ የአርባውንም ፊት አየ። ቁልፉን ሳይጫን ግንቡ እንደ ከረጢት ተናደ።

ማንም ክፉኛ አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ኛላም ሰዎች እጅ ላይ ወደቀች፣ የኩን ከንፈር ደማ፣ የአሸብር መነጽር ከአቧራው ውስጥ ሁለት ሆኖ ተገኘ። አሸብር አንዱን ቁራጭ ይዞ መጣ።

«ጋሽ ፍሬ፣ የበዓሉ ዕለት አንዲት ቃል ከተናገሩ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ትላለች። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አለ።»

ያኔ ነው ጨርቋ ከእጁ የማትወርድ የሆነችው። አንድ ሳምንት ዝም ማለትን ተለማመደ። ሊናገር የማይችል ፎቶ አንሺ ደግሞ ምን ይሠራል? ደንበኛ መጥቶ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፣ ትእዛዙን ይጠብቃል፤ ፍሬሰንበት ከንፈሩን ነክሶ ያየዋል፤ ሰውየው ግራ ገብቶት ወደ መሬት ያያል። የዚያ ሳምንት ጉርድ ፎቶዎች ሁሉ ያዘኑ ሆነው ወጡ። «ሰው ሞቶብሃል ወይ?» አለችው ኮከብ። በእጁ ምልክት መለሰላት፤ ምልክቱ ጥሩ አልነበረም።

እልሁ ግን ሥራ አሠራው። በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳው እየሄደ ሰማዩን ለካ። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያበቃ የጋምቤላ ሰማይ ነጭ ይሆናል፣ ልክ እንደ አንሶላው። ልጅቷ ጫፍ ላይ ስትወጣ ከኋላዋ ያ ነጭ ሰማይ ነው የሚኖረው፤ ለካሜራው ከተተወች ጥቁር ነጥብ ነው የምትሆነው። የመዳፉን ጀርባ ወደ ሰማይ ዘርግቶ ለካ፣ ከፈተ፣ ደግሞ ለካ። የእጇ አራት ጣቶች፣ ከሥራቸው ፊቷ፣ ፊቷ ላይ ዓይኗ፤ ይህን ከሱ በቀር የሚያወጣው ሰው እንደሌለ ያውቃል። ማጅራቱም ይሁን እሺ። ዓይኗ ግን ይታያል።

በዓሉ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሆነ። የመዘምራኑ ከበሮ መጣ፣ ሜዳው ግጥም አለ። ፍሬሰንበት ከረፋድ ጀምሮ ቦታውን ይዟል። አፉን ስለማያምነው ቢጫዋን ጨርቅ ጠቅልሎ በጥርሱ ነከሳት። ሰው ይስቅበታል፤ ይሳቅ። ኪሱ ውስጥ ያለችውን ወረቀት በደረቱ ላይ ይሰማታል።

ከበሮው ተመታ። ኩን እግሩን ተከለ፣ ሌሎቹ ከበቡት፣ አገጮች ሁሉ ደረት ላይ ወረዱ። አራቱ ወጡ፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ። ሁለቱ ወጡ። ከበሮው ዝም አለ። ኛላም የአባቷን ወገብ ረገጠች፣ ጥቁሩን ጨርቅ ረገጠች፣ ትከሻ፣ እንደገና ጨርቅ፣ እንደገና ትከሻ። ፍሬሰንበት በሌንሱ ተከትሏታል። ብርሃኑ ልክ ነው። ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው። ልጅቷ አንድ ጉልበቷን ጫፉ ላይ አሳረፈች፣ ከራስ መከላከያዋ ሥር ዓይኗ ቁልጭ ብሎ ታየው፣ ቀኝ እጇ መላቀቅ ጀመረ።

ከኋላው አንድ ድምፅ መጣ።

«ጋሽ ፎቶ! አገጭ ቀና!»

ለምን እንደዞረ እሱ ራሱ እስከ ዛሬ አይገባውም። ሃያ ሰባት ዓመት ሰው ያዘዘበት ቃል እሱን ሲያዘው አንገቱ ታዘዘ። ከኋላው የድርጅቱ ሾፌር ኦሞት ስልኩን ዘርግቶ ቆሟል፣ ጥርሱን ፈልቅቆ። ፍሬሰንበት ጨርቋን ከአፉ ተፍቶ «ዝም በል!» ብሎ ጮኸ። በዚያው ቅጽበት ሜዳው በእልልታ ተናወጠ።

ሲዞር እጁ ወርዷል። ልጅቷ በማዶ በኩል እየተንሸራተተች ነው። ቁልፉን ተጫነ፣ ደጋግሞ ተጫነ፤ ያገኘው ተረከዟን ነው።

«እንደገና!» አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና!» የሰማው የለም። ሞንሰ የኩን ደረት ላይ ተለጥፋ ታለቅሳለች፣ ለአባቷ ደውላለች፣ ሰው ሁሉ ይጨፍራል። ከመሀለኞቹ አንዱ ትከሻውን ይዞ ተቀምጧል። ፍሬሰንበት አሸብርን እጁን ይዞ ጎተተው፤ አሸብር ጠይቆ ተመለሰ። «በቃ ትላለች። ግንብ በቀን አንዴ ከቆመ ይበቃል።» ፎቶዎቹን ሲያስረክብ አንድ በአንድ ያየቻቸው ሞንሰም ትከሻውን መታ መታ አድርጋ «ችግር የለም» አለችው። ከሁሉም በላይ ያቃጠለው ይህ ነው። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ኦሞት ማታውን ስቱዲዮው ድረስ መጣ። አኙዋ ነው፣ የዚሁ ከተማ ልጅ፤ አማርኛን ገበያ ውስጥ ስለተማረው ለሁሉም «አንተ» ነው።

«አንተ ሁሉንም ሰው ታነሳለህ» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «አንተን ማንም አላነሳም። እኔ አሰብኩ፣ ዛሬ ጥሩ ቀን ነው፣ አንተን ላንሳው።»

ሰውየው ክፋት የለበትም፣ ይህ ለፍሬሰንበት ይገባዋል። ቢገባውም ንዴቱ ወይ ፍንክች አለ። በሩን ዘግቶ ሌንሱን መወልወል ጀመረ።

ጥር ላይ አሸብር ደወለ። ሞንሰ አገሯ ደርሳ ተመልሳለች፣ አዳራሹ ውስጥ የተሰቀለውን ፎቶ አንድ ቅጂ አምጥታለች፣ ቢሮው ግድግዳ ላይ ነው፣ ይምጡና ይዩ። ፍሬሰንበት አልሄድም አለ፤ ከዚያ ሄደ።

ፎቶው ትልቅ ነው፣ ግድግዳውን ይሞላል። ከፊት፣ ግዙፍ ሆኖ፣ ራሱ ፍሬሰንበት አለ። ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቷል፣ አፉ ተከፍቷል፣ ቢጫ ጨርቅ በአየር ላይ አለች፣ አገጩ ቀና ብሏል። ከኋላው ግንቡ፣ ከግንቡ ጫፍ አንዲት ትንሽ እጅ። ከሥሩ ሁለት መስመር ጽሑፍ አለ። አሸብር አነበበለት።

«‹ፎቶ፦ ኦሞት› ይላል። ከዚያ ደግሞ ‹ፍሬሰንበት፣ የጋምቤላው ፎቶ አንሺ፣ ግንቡ በቆመበት ቅጽበት› ይላል። አዩ ጋሽ ፍሬ፣ ስምዎ ወጣ! አዳራሹ ውስጥ ያላየው የለም ትላለች፣ ሁሉም በጣም ነው የወደዱት።»

«ስሜ ወጣ» አለ ፍሬሰንበት።

ከኪሱ ያችን ወረቀት አውጥቶ ከፎቶው ሥር ካለው ፊደል ጋር አስተያየ። አንድ ነው። ቃሏን ጠብቃለች፤ የሚከሰው ሰው እንኳ የለም። መነጽሩን አስተካክሎ ጠጋ አለ፣ በሙያተኛ ዓይን። ስልኩ ነጩን ሰማይ አይቶ ብርሃኑን ቀንሶታል። የሱ የራሱ ፊት ቅርብ ስለሆነ ወጥቷል፣ ጥርሱ ሳይቀር ይቆጠራል። ከኋላው ያሉት ስልሳ ሰዎች ግን ጥላ ናቸው። ኛላም ጣት ያላት ጥቁር ነጥብ ናት። ልክ እንደፈራው፣ ልክ እሱ ቢሆን እንደማያደርገው።

በሩ ተከፍቶ ኩን ገባ፣ ኛላምን እጇን ይዞ፤ እነሱም እንዲያዩ ተጠርተዋል። ኩን ከፎቶው ፊት ቆመ። ረጅም ጊዜ አየ። ጣቱን ከጥላው ላይ አንድ ቦታ አኖረ፣ ወደ ሌላ ቦታ አዛወረ፣ መልሶ አነሳ።

«እኔ የቱ ነኝ?» አለ።

አሸብር «መሀል ላይ ነሃ፣ ከታች!» አለ።

«እሱን አውቃለሁ። የቱ ነኝ?»

ኛላምም ተንጠራርታ ፎቶው ላይ ያለችውን እጇን አየችና ወደ አባቷ ዞረች። «ዓይኔስ?» አለች።

ፍሬሰንበት አፈረ። ከዚያ ያ ሁሉ የጥቅምት ንዴት እንደገና መጣበት፣ አሁን ግን የሚሄድበትን ያወቀ ይመስል ነበር። «ከዚህ እንዳትንቀሳቀሱ» ብሏቸው ወጣ።

ስቱዲዮ ገብቶ የዚያን ቅዳሜ ፋይል ከፈተ። ማንም ስላልፈለገው እስከዚያ ቀን አላተመውም። ሠላሳ አንድ ሰው፣ ነጭ አንሶላ፣ አንድ ኮት። አተማቸው፣ ቆረጣቸው፣ ገልብጦ ከልማዱ ሐምራዊውን ማኅተም በየጀርባቸው መታ፦ ፎቶ ፍሬሰንበት፣ ጋምቤላ። ኮከብ ምሳህን አለችው። «ሥራ ላይ ነኝ» አላት፤ ኮላውን ይዞ ወጣ።

ቢሮው ውስጥ ወንበር አስጠግቶ ከፎቶው የታችኛው ጠርዝ ጀመረ። አንድ በአንድ፣ ፎርም ላይ እንደሚለጠፈው፣ ከጥላው ሥር ፊት በፊት አጠገብ ደረደረ። የመጋዘን ሠራተኛው፣ የቧንቧ ጠጋኙ፣ ከኢታንግ የመጡት ሁለት ወንድማማቾች። የኩን ፎቶ ላይ ስድስቱ የግንባር መስመሮች ይቆጠራሉ። ኩን ጎንበስ ብሎ አየ፣ በጣቱ ነካው፣ አገጩን ቀና አደረገ።

አሸብር ከሻይ ሲመለስ ይህን አይቶ በሩ ላይ ጮኸ። «ጋሽ ፍሬ! ምን እያደረጉ ነው? ይሄ እኮ ከእስፓኝ የመጣ ፎቶ ነው! የምን ጉርድ ፎቶ ነው የሚለጥፉበት?»

«የዶክመንት ፎቶ ነው» አለ ፍሬሰንበት ሳይዞር። «አንተው አይደለህ የጠየቅኸኝ?»

የቀረችው አንዲት ነበረች፣ ኛላም፣ በትልቁ ኮት ውስጥ። ወንበሩ ላይ ወጣ። ፎቶዋን ገልብጦ መዳፉ ላይ አስተኛት፤ ስሙ ሐምራዊ ሆኖ ገና አልደረቀም። ጥቂት አየው። ከዚያ ኮላውን ስሙ ላይ ቀባና ፎቶዋን ከትንሿ እጅ ሥር፣ ዓይኗ መሆን በነበረበት ቦታ፣ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ለጠፈው።